ከኪዳነ ቁስል የወጣው

እየሩስ ፈንታን የአገሯ ሰዎች «ተባይ አርቢዋ» ይሏታል። ክፋት የለበትም፣ ጨዋታ ነው። ከሞላሌ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ከሚያስኬድ መንደር ተነሥታ ዩኒቨርሲቲ ገባች ተባለ፤ ጨረሰች ተባለ፤ እንደገና ገባች ተባለ፤ ይኸው ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቷት አሁንም እዚያው ናት። ሐኪም ሆና መርፌ ስትወጋ ያያት የለ፣ አስተማሪ ሆና ጠመኔ ስትይዝ ያያት የለ። «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ሲባሉ እናቷ ወይዘሮ ጌታነሽ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈን አድርገው «ተባይ ታረባለች አሉ» ይላሉ። ሰውም ይስቃል። በግ ማርባት ያቃተው ሞልቶ፣ ተባይ!

እውነቱን ለመናገር እናትየው አልዋሹም። እየሩስ የምታረባው ባክቴሪያ ነው። በዐይን አይታይም። ክዳን ባላት ትንሽ ክብ ሳህን ላይ ምግብ ታነጥፍለታለች፣ ማሞቂያ ውስጥ ታሳድረዋለች፣ በማግስቱ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ነጠብጣብ ሆኖ ወጥቶ ይጠብቃታል። ከዚያ መድኃኒት ታቀርብለታለች። የሞተውን ሞተ ብላ ትጽፋለች፣ ያልሞተውን አልሞተም ብላ ትጽፋለች። እንጀራዋ ያልሞተው ነው። ባክቴሪያ ዙሪያውን የለበሰው ስስ ሽፋን አለው፤ ሽፋኑ ላይ እንደ በር፣ እንደ ቱቦ ሆነው የተሰገሰጉ ፕሮቲኖች አሉ። ከነሱ መካከል አንዳንዱ፣ የገባውን መድኃኒት ገና ሥራውን ሳይጀምር መልሶ ወደ ውጭ ይተፋዋል። እየሩስ አራት ዓመት ሙሉ ያጠናችው አንዱን ተፊ ፕሮቲን ነው። አራት ዓመት! ሰው በአራት ዓመት ሁለት ልጅ ወልዶ ያስቦርቃል።

ይህ ተፊ የተገኘበት ባክቴሪያ «ሞ-17» ይባላል። ከሞላሌ አካባቢ ከመጡ ሕመምተኞች የተወሰደ ናሙና ሁሉ «ሞ» ይባልና ተራ ቁጥር ይሰጠዋል። ስም አይጻፍም፣ ደንቡ ነው። አሥራ ሰባተኛው ሕመምተኛ ግን የእናቷ ልጅ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ኪዳነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያን ዓመት ጓሳ፣ የአገሩ የጋራ የሳር ምድር፣ ለአጨዳ ሲከፈት ኪዳነ ከሰው ሁሉ ጋር ወጣ፤ የቤቱ ክዳን አርጅቶ ሳር ያስፈልገው ነበር። ማጭዱ አዳለጠውና ባቱን ቀደደው። በጨርቅ አስሮ ሲያጭድ ዋለ፤ ተራው እንዳያልፈው። በሳምንቱ እግሩ አብጦ ቀላ። እናቱ ስልክ አስደወሉ። እየሩስ ያኔ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትጨርስ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ከመድኃኒት ቤት አሥራ አራት ፍሬ ሲፕሮ ገዝታ፣ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ሰባት ቀን» ብላ ጽፋ፣ በሞላሌ መኪና ሾፌር ላከችለት። ደረሰ ወይ ብላ ጠየቀች። ደረሰ አሏት። በቃ።

በሦስተኛው ሳምንት ኪዳነን በቃሬዛ እስከ ሞላሌ፣ ከሞላሌ በመኪና አድርገው እሷ ወዳለችበት ከተማ ሆስፒታል አመጡት። ባክቴሪያው ደሙ ውስጥ ገብቶ ነበር። መርዝ አለው፤ መርዙ የደምን ሕዋስ እየበሳ እንደ ወንፊት ያደርገዋል። ከቁስሉ ናሙና ተወሰደና እየሩስ ወደምትሠራበት ላቦራቶሪ ተላከ። እሷው ዘራችው፣ እሷው አበቀለችው። ሲፕሮ አቀረበችለት፤ አልሞተም። ኪዳነ በስድስተኛው ቀን ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ እየሩስ አንድ ነገር ሆነች። አዘነች ብዬ እንዳልላችሁ፣ ኀዘንማ ያስጮኻል፣ አልጋ ላይ ይጥላል፣ እህል ያስጠላል። እሷ በላች፣ ተኛች፣ በሳምንቱ ሥራ ገባች። ጥርስ ሊነቀል ማደንዘዣ የተወጋ ድድ ታውቁ የለም? ትነክሱታላችሁ፣ አይሰማችሁም፤ የራሳችሁ መሆኑንም ትጠራጠራላችሁ። እንደዚያ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ሞ-17ን ከማሞቂያው እንደ ማንኛውም ናሙና ታወጣዋለች። አብረዋት የሚሠሩት «እንዴት ቻልሽው?» ሲሏት «ምኑን?» ትላለች። ለነገር ብላ አይደለም። ምኑን እንደቻለችው እውነት አታውቅም። ወር ይመጣል፣ ወር ይሄዳል፤ ሳህን ታጥባለች፣ ሳህን ታነጥፋለች፣ ቁጥር ትጽፋለች።

ሥራው ግን ሰመረላት። ሦስተኛ ዲግሪዋን በዚሁ ጀመረች። ሞ-17ን ከሌሎቹ ናሙናዎች ሁሉ የለየው አንድ ነገር ነበር። ስለ እያንዳንዱ ሕመምተኛ በሚሞላው መጠይቅ ላይ ስድስተኛው ጥያቄ «ሕመምተኛው የታዘዘለትን መድኃኒት ጨርሷል?» ይላል። የሌላው ሰው መልስ «አልጨረሰም» ወይም «አይታወቅም» ነው። የኪዳነ ብቻ «አዎ» ነው። እንግዲህ ሞ-17 ሙሉ መድኃኒት ወርዶበት እንኳ ንቅንቅ ያላለ ባክቴሪያ ነው ማለት ነው፤ የጥናቱ ትልቁ ምዕራፍ በዚህ «አዎ» ላይ ቆመ። «አዎ» ብላ የሞላችው ራሷ እየሩስ ናት። ጠይቃው አይደለም። ምኑን ትጠይቀው? መድኃኒቱን ቆጥራ የላከችው ማን ሆነና!

ታዲያ በዚህ ዓመት ጥር ላይ አማካሪዋ ዶክተር አትናቴዎስ ቢሯቸው አስጠሯት። ቁጡ ናቸው፣ ግን ክፉ አይደሉም።

«የሥነ ምግባር ኮሚቴው ወረቀትሽን መለሰው» አሉ። «የሞ-17ን ፈቃድ የፈረምሽው አንቺ ነሽ።»

«እህቱ ነኛ።»

«አጥኚዋም አንቺ ነሽ። አጥኚ ለራሱ ቤተሰብ አይፈርምም። እናትሽ ይፈርሙ። ቅጹ ይነበብላቸው፣ ጥያቄዎቹን እሳቸው እንደገና ይመልሱ፣ ጣታቸውን ያድርጉበት።»

«እምቢ ቢሉስ?»

«ባክቴሪያው ይወገዳል። ጽሑፍሽም አብሮት።»

«አራት ዓመቱስ?»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን አሹ። «እሱን እኔም አላውቅልሽ» አሉ።

እየሩስ «እሺ» ብላ ወጣች። አልደነገጠችም፤ መደንገጥ እንዳለባት ግን ገባት። ምክንያቱም እናትየው ልጃቸው ተባይ እንደምታረባ ያውቃሉ እንጂ የማንን ተባይ እንደምታረባ አያውቁም። አራት ዓመት ሙሉ ነግራቸው አታውቅም። አሁን ሄዳ፣ «የኪዳነን ገዳይ በእጄ አሳድጌዋለሁ፣ እንዳላጣው ጣትሽን አድርጊልኝ» ልትል ነው።

ቅዳሜ ሞላሌ ወርዳ በእግሯ ተጓዘች። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። መንደሩ ልትገባ ስትል ጎረቤታቸው አስካለ ማርያም ከአጥሯ ብቅ ብላ አየቻትና ያዘለችውን ጭራሮ ወርውራ መጣች። አንገቷን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት፤ አልበቃ ብሏት እጇን ሳመቻት። «የናንተን ቤት ውለታ እኔ በምን ልክፈለው? ልጄ አራተኛ ክፍል ገባችልኝ እኮ!» አለች። እየሩስ «እሰይ» አለች። ምን ውለታ ብላ አልጠየቀችም። ሰው የሚላትን ሁሉ በቅጡ ሳትሰማ ማለፍ ለምዳለች።

ወይዘሮ ጌታነሽ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። ልጃቸውን ሲያዩ እንዝርቱን ጥለው ተነሡ።

«እኔን! እኔን አፈር ይብላኝ! ምነው ሳትደውዪ? ምነው እንዲህ ከሳሽ?» ጉንጯን አገላብጠው ሳሙ፣ አስቀመጧት፣ በሶ በጠበጡላት። «ተባዮቹ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። እማዬ፣ ለጉዳይ ነው የመጣሁት።»

«አውቄዋለሁ። ያለጉዳይ መጥተሽ ታውቂያለሽ?»

ነገረቻቸው። አላለሳለሰችም፣ አላለቀሰችም፤ ለኮሚቴው እንደምታነበው አድርጋ ነው የነገረቻቸው። እናትየው እንደገና ያነሡት እንዝርት ቆመ።

«ያ ልጄን የገደለው?»

«እሱ ነው።»

«አልሞተም?»

«አልሞተም። ፍሪጅ ውስጥ አለ። ስፈልገው እያወጣሁ አሳድገዋለሁ።»

«ኪዳነ አፈር ገብቶ፣ እሱ አለ?»

«አለ።»

«ምን ይበላል?»

እዚህ ላይ መዋሸት ትችል ነበር። «የበግ ደም» አለች።

እውነት ነው፤ ሳህኑ ላይ የሚነጠፈው ምግብ የበግ ደም የተደባለቀበት ነው፣ በየላቦራቶሪው የታወቀ ነው። ወይዘሮ ጌታነሽ ግን ላቦራቶሪ አያውቁም። በሳቸው አገር ለማይታይ ነገር የበግ ደም የሚያፈስ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ደግሞ ልጅ አዋቂው ያውቀዋል፤ ቄስ የሚገዝተው ዓይነት ነው። ሦስት ጊዜ አማተቡ።

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! በማርያም ደጅ ክርስትና የተነሣች ልጅ ደም ትገብራለች?»

«አልገብርም እማዬ። ምግቡ ነው።»

«የዛሩም ሰዎች እኮ ምግቡ ነው ነው የሚሉት! ግደይው። ዛሬውኑ ደውለሽ አስገድይው። ጣቴን አላደርግም።»

እየሩስ በሶውን አስቀመጠች። ቁርጡ ይኸው ነበር። እማዬ አላደርግም ካሉ አያደርጉም፤ አባቷ ፈንታ ነፍሳቸውን ይማረውና ሠላሳ ዓመት ሞክረው አልቻሏቸውም። ቀስ ብላ ጀመረች።

«እስቲ ስሚኝ። ይሄ ተባይ ቤት አለው በይ። ቤቱ ግድግዳ አለው፣ ግድግዳው በር አለው፣ በሩ ላይ ጉልበተኛ ዘበኛ አለ። መድኃኒት ሲገባ አንገቱን አንቆ ወደ ውጭ ይወረውረዋል። እኔ የማጠናው ዘበኛውን ነው። ዘበኛውን ማሰር ከቻልን፣ ነገ የአስካለ ማርያም ልጅ እግሯን ብትቆረጥ እንደ ኪዳነ አትሆንም። ደግሞ እንደዚህ ያለ ሌላ የለኝም። ኪዳነ አሥራ አራቱንም ክኒን ውጦበት ያልሞተ ተባይ ነው።»

እናትየው ቀና አሉ። «ማን ነው አሥራ አራቱን የዋጠው?»

«ኪዳነ ነዋ።»

«ኪዳነ?» ወይዘሮ ጌታነሽ ሳቁ። ያን ሁሉ ቁጣ ትተው ሳቁ። «ወንድምሽን አታውቂውም እንዴ? እሱ መቼ ብቻውን ጎርሶ ያውቃል?»

«ምን አደረገው ታዲያ?»

«ምን ያደርገዋል? አካፈለዋ! መድኃኒቱ የመጣ ቀን የአስካለ ልጅ ሳል ይዟት ደረቷ ሲያፏጭ እዚህ ድረስ ይሰማል። ‹እኔን የያዘኝ እግሬን ነው፤ ሕፃን ታፍና እኔ ብቻዬን መድኃኒት ስውጥ ልደር?› አለ። ለሷ አራት ሰጠ። አባ መልከ ጼዴቅ ጥርሳቸውን ይዘው እያቃሰቱ መጡ፤ ለሳቸው ሁለት። አውራው በግ ቀንዱ ሥር ቆስሎ ነበር፤ አንዷን ፈጭቶ ነሰነሰለት። እሱ አምስት ዋጠ፤ እግሩ ቀለል ሲለው ‹በቃኝ፣ ሠርቷል› አለ።» ዐይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፤ ፊታቸው ላይ ግን ኩራት ነበር። «ልጅቷ ዳነች፣ አባም ተሻላቸው። ቀብሩ ላይ አገሩ ሁሉ ያወራው ይህንኑ ነው፤ ታሞ እንኳ ብቻውን አልበላም ብሎ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል። የኔ ልጅ ብቻውን አልሞተም።»

አምስት ክኒን። ሁለት ቀን ተኩል። እየሩስ ይህንን ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ታስተምራለች፦ በሁለት ቀን ተኩል ደካማው ይሞታል፣ ጉልበተኛ ዘበኛ ያለው ይተርፋል፣ የተረፈው ይራባል። ሕመምተኛው ቀለል ይለዋል፣ ዳንኩ ይላል። ምናልባት አሥራ አራቱንም ቢውጥ ይድን ነበር። ምናልባትም አይድንም ነበር፤ ባክቴሪያው ቀድሞውኑ የጠና ሊሆን ይችላል። አሁን ይህንን የሚያውቅ የለም። በጥናትም አይደረስበትም።

ደግሞ ማንን ልትወቅስ ነው? እሷም በዚሁ ቤት ነው ያደገችው። አንድ እፍኝ ቆሎ ለስድስት ሰው ሲከፈል፣ ማንም ጎረቤት እያየ ብቻውን ሲያኝክ እንደ ሌባ ሲቆጠር እያየች ኖራለች። «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» ብላ ስትጽፍ፣ «ለማንም እንዳትሰጥ» የምትለውን አልጻፈችም። ከተማ ገብታ ረሳችው። ብትጽፈውስ? ኪዳነ አንብቦ ይታዘባት ነበር። እህቴ ተምራ ተምራ ስስታም ሆነች ይል ነበር።

አሁን ለእናቷ ምን ትበላቸው? ልጅሽን ደግነቱ ሳይገድለው አይቀርም ትበላቸው? ከልጃቸው የቀረቻቸው አንዲት ነገር ይህች ኩራት ናት። ሆድ ይፍጀው አለች።

ወይዘሮ ጌታነሽ ፊቷን አየት አደረጉና ለዘብ አሉ። «ለሰው ልጅ መዳኛ ነው ነው የምትዪኝ?»

«ነው።»

«ለአስካለ ልጅም?»

«ለሷም።»

«እንግዲያው ኪዳነም እምቢ አይልም። አምጪው ወረቀትሽን። የደሙን ነገር ግን ለአባ እነግራቸዋለሁ፣ ከአሁኑ ልንገርሽ!»

ቅጹን አነበበችላቸው። ዕድሜ፤ መለሱ። የቆሰለበት ምክንያት፤ መለሱ። ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ደረሰች። የድሮው መጠይቅ ከጎኑ አለ፣ «አዎ» ይላል፣ በራሷ ጽሕፈት። እናቷ ማንበብ አይችሉም። ኮሚቴው ሞላሌ ድረስ አይመጣም። «አዎ» ብላ ብትገለብጠው ምዕራፉ ይቆማል፣ በሰኔ ትመረቃለች፤ ሰማይም አይወድቅም። ብዕሯን ይዛ ብዙ ቆየች ብላችሁ እንዳታስቡ። «አልጨረሰም» ብላ ጻፈች። ከሥሩ «5» አለች። ለእውነት ልቧ ስለተቃጠለ አይደለም። አምስት መሆኑን እናቱ በአፋቸው ተናግረው፣ በዚያ ላይ «አዎ» ብላ ስታስፈርማቸው እጇ እምቢ አላት እንጂ። ትልቁ ምዕራፍ በዚያች ቁጥር ወደቀ። ወይዘሮ ጌታነሽ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫን፣ ወረቀቱ ላይ ጫን አደረጉ። ባክቴሪያው ይኖራል፤ ፈቃድ አግኝቷል።

ወረቀቱን እያጣጠፈች እንዲሁ ከልማድ ደመረች። አምስት፣ አራት፣ ሁለት፣ አንድ።

«ሁለት ይጎድላል» አለች።

«ምኑ?»

«ክኒኑ። አሥራ ሁለት ነው የነገርሽኝ።»

«ኧረ አንቺ ልጅ! ሁለቱማ አሉ።» እናትየው ወደ ውስጥ ገቡ። ሙዳያቸው ሲከፈት፣ ሲዘጋ ተሰማ። በቁራጭ ነጠላ የተቋጠረ ነገር ይዘው ወጡና እጇ ላይ ፈቱላት። ሁለት ነጭ ክኒኖች፣ ጠርዛቸው ቢጫ የመታው።

«የአንቺ ነው» አሉ።

«የኔ?»

«የዚያን ዓመት ለፋሲካ መጥተሽ ስታስዪ አልነበር? ‹ለእየሩስ አስቀምጪላት፤ እዚያ ከተማ ብቻዋን ናት፣ የሚሰጣት የለም› አለኝ። እግሩ አብጦ ተኝቶ እንኳ ሲጠይቀኝ ነበር፣ አስቀመጥሽላት ወይ እያለ። ለቀብሩ ስትመጪ ልሰጥሽ ስል፣ አንቺ በማግስቱ ሄድሽ።»

እየሩስ ክኒኖቹን አየች። አመማት። የት እንደሆነ መናገር እስኪያቅታት ድረስ ሁለመናዋን አመማት። አሥራ አራቱንም ከመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ የገዛችው እሷ፣ በየመንገዱ ማዶ መድኃኒት ቤት ካለበት ከተማ የላከችው እሷ! ለሷ ደግሞ የሚሰጣት የለም ብሎ ከሕይወቱ ላይ ሁለት ቀነሰላት።

ወይዘሮ ጌታነሽ ውሃ በጣሳ ይዘው ከፊቷ ቆመዋል። «ዋጪው እንጂ ምን ታዪዋለሽ?»

መድኃኒቱ ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሁለት ክኒን ማንንም አያድንም፣ ተባይ ከማስተማር በቀር የሚፈይደው ነገር የለም፤ ከተማሪዎቿ አንዱ እንዲህ ሲያደርግ ብታየው ቆማ ትሰድበው ነበር። ግን ድርሻ እንዴት ይመለሳል? ለማን ይመለሳል? ሁለቱንም አፏ ውስጥ ከተተች። መረራት። ጣሳውን ተቀብላ በውሃ አወራረደችው።

«እሰይ የኔ ልጅ» አሉ እናቷ ጣሳውን እየተቀበሉ። «አሁን ደስ ይለዋል።»